ሽንት የሚናገረውና የማይናገረው

ወላጅ መርሳት ሲጀምር በትዳር ውስጥ ቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «ምን ሆነው ነው?» የሚለው ነው። ከእኛ ጋር የሚኖሩት የባለቤቴ እናት የልጆቻችንን ስም ማቀያየር ከጀመሩ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ሐኪሙ አልዛይመር ሳይሆን አይቀርም ብሎናል። ውጭ አገር ያለችው የባለቤቴ እህት ግን በሽታውን በሽንት የሚለይ ምርመራ እንዳለ ሰምታ፣ «እማዬን አስመርምሩልኝ፤ ቫይታሚን ኢም እልካለሁ» አለችን። ባለቤቴ ብዙ ተስፋ ስላደረገ፣ ነገሩን አንብቤና ሐኪም ጠይቄ የተረዳሁትን ላካፍላችሁ።

አንጎላችን ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ሰውነታችን ከሚጠቀመው ኦክስጅን 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። በዚህ ሥራ መካከል ጎጂ ቅንጣቶች ይፈጠራሉ። ሰውነት ሊያስወግዳቸው ከሚችለው በላይ ሲበዙ፣ ብረት እንደሚዝግ ሁሉ በሕዋሳት ውስጥ ያለውን ቅባት ያበላሻሉ። ይህም ኦክሲዴቲቭ ስትረስ ይባላል። ከተበላሸው ቅባት የሚገኘው አይሶፕሮስቴን የተባለ ንጥረ ነገር በደም አልፎ በሽንት ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2000 ዶክተር ዶሜኒኮ ፕራቲኮና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ ባደረጉት ጥናት፣ በአልዛይመር ሕሙማን ሽንት ውስጥ ይህ ንጥረ ነገር በዝቶ አገኙት።

ይሁን እንጂ ሌሎች ተመራማሪዎች በሽንት ላይ ይህን ልዩነት አላገኙም። በዚያ ላይ ሲጋራ በሚያጨሱና የስኳር ሕመም ባለባቸው ሰዎችም ይጨምራል። እማዬ ደግሞ ስኳር አለባቸው። ውጤቱ ከፍ ቢል ከስኳሩ ይሁን ከአንጎሉ በምን ይታወቃል? ስለዚህ ዛሬም ሐኪሞች አልዛይመርን በዚህ ምርመራ አይለዩም። ስለ ቫይታሚን ኢም እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመና ቀለል ያለ የመርሳት ችግር ያለባቸው 769 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት አለ፤ ቫይታሚኑን ለ3 ዓመት የወሰዱት ወደ አልዛይመር ከመሻገር አልዳኑበትም። ባለቤቴ ይህን ለእህቱ ሲነግራት አዘነች፤ ገንዘቡን ግን ለአስታማሚ እንዲሆን ላከችው።

ታዲያ ሽንት መመርመር ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ባለፈው ክረምት እማዬ በሁለት ቀን ውስጥ ሰው መለየት አቃታቸው፤ ሌሊቱን ሙሉ ይጮኹ ነበር። አንዱ «በሽታው ጠናባቸው» አለ፤ ሌላው «መንፈስ ነው» አለ። ጸለይንላቸው፤ በማግስቱም ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። ትኩሳት ነበራቸው፤ ተራ የሽንት ምርመራም ኢንፌክሽን አሳየ። መድኃኒቱን ወስደው በሳምንት ውስጥ ወደ ቀድሞ ሁኔታቸው ተመለሱ። መርሳታቸው አልጠፋም፤ ጩኸቱ ግን ቆመ።

እንግዲህ ባልና ሚስት ሆይ፣ ይህን ልዩነት ልብ በሉ። አልዛይመር የሚመጣው በወራትና በዓመታት ነው። በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ የሚመጣ መደናገር ግን ብዙ ጊዜ ሊታከም የሚችል ምክንያት አለውና ነገ ዛሬ ሳትሉ ወደ ሐኪም ውሰዷቸው። መጸለይና ማሳከም አይጣሉም። ወላጅን ማክበርም እንዲህ ባለው ሌሊት ተራ ገብቶ አብሮ መንቃትን ይጨምራል።