ግሮቶቭስኪና እናቱ ያመጡለት መጽሐፍ

ስለ ትያትር ሲነገር ብዙ ጊዜ የምንሰማው ስለ መጋረጃው ውበት፥ ስለ መብራቱ ብዛትና ስለ ተጫዋቾቹ ልብስ ጌጥ ነው። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ እያስወገደ ስሙን ያስጠራ አንድ የፖላንድ ሰው ነበረ፤ ዛሬ ስለ እርሱ ጥቂት ለመናገር ወደድን። ይህ ከቤተ ሰብ ዓምድ ጋራ ምን አገናኘው የሚል አንባቢ ቢኖር፥ እናቱን እናስቀድማለን።

የርዢ ግሮቶቭስኪ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1933 ዓመት በዤሹፍ ከተማ ተወለደ። በጦርነቱ ጊዜ አባቱ ከቤታቸው ተለዩ፤ በኋላም ወደ ፓራጓይ ሄደው በዚያው ቀሩ። እናቱ ወይዘሮ ኤሚሊያ አስተማሪ ነበሩ። ጀርመኖች አገሩን በያዙበት ዘመን ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውን ይዘው በአንድ የገጠር መንደር ተቀመጡ። ችግር በጸናበት በዚያ ወራት እኒህ ሴት ለልጆቻቸው መጽሐፍ ይፈልጉ ነበር። ካመጡላቸውም አንዱ ፖል ብረንተን የተባለ እንግሊዛዊ ስለ ህንድ ባሕታውያን የጻፈው ነው፤ በአሩናቻላ ተራራ ሥር ይኖር ስለ ነበረ አንድ ባሕታዊም ይናገራል። ታላቁ ልጅ ካዚሚየሽ የፊዚክስ ሊቅ ሆነ። ታናሹ ትያትርን መረጠ።

በ1959 ኦፖሌ በምትባል ከተማ አንድ ትንሽ የትያትር ቤት ተረከበ። አሳቡም ይህ ነበረ፤ ትያትር በመሣሪያ ብዛት ሲኒማንና ቴሌቪዥንን ልብለጥ ቢል ከቶ አይደርስባቸውም፤ ስለዚህ እነርሱ የሌላቸውን ብቻ ይያዝ፤ ይኸውም ሕያው ተጫዋች በሕያው ተመልካች ፊት መቆሙ ነው። ይህንንም «ድኻ ትያትር» ብሎ ጠራው።

በ1962 ያሳየው «አክሮፖሊስ» የአሳቡ ፍሬ ነው። ደራሲው ቪስፒያንስኪ በክራኮፍ ቤተ ክርስቲያን ያደረገውን ታሪክ እርሱ ወደ አውሽቪትዝ የእስረኞች ሰፈር አዛወረው። ተጫዋቾቹ ጆንያ ለብሰው፥ የእንጨት ጫማ ተጫምተው፥ በተመልካቹ መካከል የብረት ቱቦ እየተሸከሙ ይገጥማሉ። የሚሠሩት የሬሳ ማቃጠያ እቶን እንደ ሆነ የሚታወቀው ቀስ በቀስ ነው፤ በመጨረሻም ራሳቸው ይገቡበታል። ፊታቸውን ቀለም አልተቀቡም፤ የፊታቸውን ሥጋ ብቻ አኰማትረው እንደ ጭምብል ይይዙት ነበር። ልብሱንና ዕቃውን ያሰናዳው ዮዜፍ ሻይና በአውሽቪትዝ ታስሮ የነበረ ሰው ነው።

ስለዚህ ሰው ማንበብ የጀመርነው ታናሽ ልጃችን «ትያትር ካልተማርሁ» ባለችን ጊዜ ነው። ባለቤታችን «ይህ ነገር እንጀራ ይሆናልን?» ሲሉ ጠየቁ። ጥያቄያቸው የሚናቅ አይደለም፤ እኛም መልስ አልነበረንም። ልጅቱ ግን ይህን የ«አክሮፖሊስ» ታሪክ ስታነብልን ድምፅዋ ተለወጠ፤ ቤቱም ሁሉ ዝም አለ። እስከ ዛሬ እሺም እንቢም አላልናትም።

በ1965 ወደ ቭሮትስዋፍ ከተማ ተዛወረ፤ ስሙም በዓለም ተሰማ። ዝናው በገነነበት በ1970 ግን ከእንግዲህ ወዲያ አዲስ ትያትር አላዘጋጅም አለ። ከሥራው ሁሉ እኛን የሚያስደንቀን ይህ ነው፤ ከፍ ካለ ወንበር በገዛ ፈቃዱ የሚወርድ ሰው እምብዛም አላየንምና። ከዚያ በኋላ ያደረገውን ሁሉ ግን አንወድለትም። በመጨረሻ ተመልካቹን ጭምር አስቀረው፤ ተመልካች የሌለው ሥራ ትያትር መባሉን እንጠራጠራለን።

በታኅሣሥ 1981 በፖላንድ የጦር አዋጅ ታወጀ፤ እርሱም በማግሥቱ ዓመት አገሩን ለቀቀ። ከ1986 ጀምሮ በኢጣሊያ አገር በፖንቴዴራ ከጥቂት ደቀ መዛሙርት ጋራ ሲሠራ ኖሮ፥ በ1999 በጥር ወር በዚያው ዐረፈ። ዐመዱንም እንደ ፈቃዱ ወደ ህንድ ወስደው በአሩናቻላ ተራራ ላይ በተኑት።