ቡልቡላ ልንደርስ ስንል

ባቱ ላይ ዓሣ ጥብስ በልተን፣ አዳሚ ቱሉን አልፈን ወደ ላንጋኖ እየሄድን ነበር። ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ግራና ቀኙ የታጠረ ነው፤ ይኼኛው ግን የሁሉም ነው። ከብቱም፣ ፍየሉም፣ ቢጫ ጀሪካን የጫነ ጋሪም ይሻገርበታል። ቡልቡላ ልንደርስ ስንል አንዲት አህያ ከግራሮቹ መሃል ወጣች። ፍሬን ብይዝም አልተረፈችም። የመኪናችን የፊት መብራትና ኮፈን ተጎዳ።

ባለቤቷ አንዲት ጠና ያሉ እናት ነበሩ። አልጮኹም፤ መንገዱ ዳር ቁጭ አሉ። አንድ ወጣት እያስተረጎመ፣ «ውሃ የምታመጣልን እሷ ነበረች» አሉን። የተሰበሰበው ሰው በሽምግልና ተስማምተን እንድንሄድ መከረን፤ ባለቤቴም ቦርሳውን አወጣ። ልጃችን ከኋላ ወንበር ታለቅሳለች። እኔም ቶሎ መገላገል ፈልጌ ነበር።

መድን ድርጅታችን ጋ ስንደውል ግን «ፖሊስ ሳይመጣ መኪናውን አታንቀሳቅሱ፤ በካሳም በራሳችሁ አትስማሙ» አሉን። ፎቶ አንስተን ጠበቅን። ለእናታችን የዕለቱን ውሃ የሚያመጣ ጋሪ ተከራየንላቸው። ትራፊክ ፖሊሱ መጥቶ መንገዱን ለካ፣ ቃላችንንም ተቀበለ።

ሰኞ ዕለት መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬና የፖሊስ ሪፖርት ይዤ ቅጹን ልሞላ ተቀመጥኩ። «አደጋው እንዴት ደረሰ?» ይላል። «አህያዋ ድንገት ገባችብኝ» ማለት ይቀል ነበር። መብራታችንን የሚያሠራልን ሙሉ ዋስትና ስላለን ተቀናሹን ከፍለን እንጨርሳለን። ጥፋቱ ግን ወደ እሳቸው ሊዞር ይችላል።

መስታወታችን ላይ የተለጠፈው የሦስተኛ ወገን ስቲከር ትርጉም የገባኝ ያኔ ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነው ይህ መድን የእኛን መኪና አያሠራም፤ በእኛ ጥፋት ለሚጎዳ ሌላ ሰውና ንብረት ነው። አህያም ንብረት ናት። ለዓመታት የከፈልነው ለእኚህ ሴትም ነበር።

ስለዚህ እንደሆነው ጻፍኩ፦ ወደ ከተማ ስቃረብ ፍጥነት አልቀነስኩም።

ፕሮፎርማ መሰብሰቡ፣ የጉዳት ገማች መጠበቁ ሳምንታት ወሰደ። የእሳቸው ካሳ ከእኛ ጥገናም ዘግይቶ ደረሰ፤ ግን ደረሰ። ባለፈው ወር በዚያው ስናልፍ ልጄ ከሩቅ «ማሚ፣ አህያ!» አለችኝ። እግሬ ቀድሞ ፍሬኑ ላይ ነበር።