ሉሑ ከመታጠቡ በፊት



በሕይወቴ መጀመሪያ የያዝኩት ታብሌት ከእንጨት የተሠራ ነበር። ከደሴ ወጣ ባለች የገጠር መንደራችን መድረሳ ውስጥ እያንዳንዳችን ሉሕ ይዘን እንቀመጥ ነበር። ከጥላሸት በተበጠበጠ ቀለም የዕለቱን ትምህርት እንጽፋለን፣ ደጋግመን እንቀራለን፣ በቃላችን ሲገባ ሉሑን አጥበን ለነገ እናዘጋጀዋለን። ታዲያ ኡስታዛችን አንድ የማይታለፍ ሕግ ነበራቸው። ሉሕ የሚታጠበው ትምህርቱ ለእርሳቸው በቃል ከተሰማ በኋላ ብቻ ነው። «ይዤዋለሁ» ማለት አይበቃም። ሳያሰማ ያጠበ ልጅ ትምህርቱ ከሉሑም ከልቡም ጠፍቶ ባዶ እጁን ይቀራል።

ይህን ሕግ በልጅነቴ ተምሬ ሳበቃ በ30ዎቹ ዕድሜዬ መርሳቴ ነው ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ።

አባዬ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ገበሬ ነበሩ። ኸሚስ ማታ ቡና ሲፈላና ጎረቤት ሲሰበሰብ ድቤያቸውን አንስተው መንዙማ ያወጡ ነበር። እርሳቸው ያወጣሉ፣ ተሰብሳቢው እያጨበጨበ ይቀበላል። ግጥሞቹን ከሸኻቸው በጆሯቸው ብቻ ነው የተማሯቸው። በወሎ ብዙ መንዙማዎች በዐጀም፣ ማለትም አማርኛውን በዐረብኛ ፊደል በመጻፍ፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ ተላልፈዋል፤ ሸኽ ጦልሐ ኢብን ጃዕፈርም በዚህ ረገድ ስማቸው ይነሳል። አባዬ የሚያወጧቸው ግን በየትኛውም ወረቀት ላይ አልሰፈሩም። ስለ መንዙማ ዑለሞቻችን ያላቸው የአመለካከት ልዩነት የዚህ ጽሑፍ ርዕስ አይደለም። የቁርኣን ቂርኣት፣ የዳዕዋ ንግግር ወይም የልጆቹን ነሺዳ በታብሌት ቀርጾ የያዘ ሁሉ ጉዳዩ እኩል ይመለከተዋል።

በ1980ዎቹ በካሴት የተቀረጹ ሁለት የአባዬ ቅጂዎች ነበሩን። አንዱን ቴፑ በላው፤ ሌላው ቁም ሣጥን ውስጥ ሻገተ። እኔም መምህር ሆኜ ደመወዝ ማግኘት ስጀምር አንድ ታብሌት ገዛሁ። በ2011 ዓመተ ምሕረት የረመዷን ሌሊቶች ከተራዊሕ በኋላ አባዬን አስቀምጬ 11 መንዙማዎችን ቀረጽኩ። የተጠቀምኩበት አፕ ድምፅን በየመስመሩ ለይቶ የሚይዝ ነበር። የአባዬ ድምፅ በአንድ መስመር፣ ድቤው በሌላ፣ የተቀባዮቹ ድምፅ ደግሞ በሦስተኛው። ሁሉም ካለቀ በኋላ አንዱን ከፍቼ አሰማኋቸው። ዝም ብለው አዳመጡና፣

«ይህች ነገር አትረሳም?» አሉኝ።

«አትረሳም አባዬ።»

«እንግዲያውስ አደራ።»

በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ከቤት ስንወጣ ልብስና ሰነድ ትቼ ታብሌቷን በጉያዬ ይዤ ወጣሁ። ያን ሁሉ መንገድ ውሃ ሳይነካት፣ ሳትወድቅ ተሻገረች። ተመልሰን ብዙም ሳንቆይ አባዬ ወደ አኺራ ሄዱ። ለእናቴም ለእኔም መጽናኛችን እነዚያ 11 ቅጂዎች ነበሩ።

ከጦርነት የተረፈውን ቅርስ ያጠፋሁት በገዛ ጣቴ ነው።

በ2015 አንድ ቀን ለተማሪዎቼ የፊዚክስ ትምህርት ቪዲዮ ላወርድ ስል ታብሌቷ «ማስቀመጫ ቦታ ሞልቷል» አለችኝ። ብዙ ቦታ የያዘው ምን እንደሆነ ስመለከት ያ የድምፅ አፕ ከ2 ጊጋ ባይት በላይ ይዞ ከዝርዝሩ አናት ላይ ተቀምጧል። «ለጊዜው ላውርደው፣ ነገ መልሼ እጭነዋለሁ» ብዬ አጠፋሁት። ከማጥፋቴ በፊት ታብሌቷ አንድ ማስጠንቀቂያ አሳየችኝ፤ ሳላነብ «እሺ» አልኩት። በማግሥቱ አፑን መልሼ ስጭን እንደ አዲስ ተከፈተ። ውስጡ አንድም ቅጂ የለም።

ወደ ሞባይል ጠጋኝ ሮጥኩ። ወጣቱ ጠጋኝ ታብሌቷን አገላብጦ ካየ በኋላ እንዲህ አለኝ፦

«ኡስታዝ፣ አፑን እንደ ቤት ይቁጠሩት። ቅጂዎቹ ቤቱ ውስጥ የነበሩ ዕቃዎች ናቸው። ቤቱን ሲያፈርሱ ዕቃውን አላወጡም ነበር።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ብዙ የድምፅና የሙዚቃ አፖች የሚቀርጹትን የሚያስቀምጡት ለራሳቸው በተሰጠ የግል ማኅደር ውስጥ ነው። በአንድሮይድ ታብሌት አፑ ሲጠፋ ያ የግል ማኅደርም አብሮት ይጠፋል። በአይፓድም አፑን ማጥፋት በውስጡ ያለውን ሰነድ ይዞ ይሄዳል። አይፓድ ግን አፑን ብቻ አንስቶ ሰነዱን የሚያስቀር ሌላ ምርጫም አለው። ስለዚህ ቦታ የጠበበው ሰው ጣቱ የትኛው ላይ እንዳረፈ ማስተዋል አለበት። የዛሬዎቹ ታብሌቶች ማኅደራቸውን በምሥጢር ቁልፍ ስለሚዘጉ፣ ከውስጥ የተሰረዘን ፋይል መልሶ ማግኘትም እጅግ አዳጋች ነው። ጠጋኙ ሞከረ፤ አልሆነም። ገንዘብም አልተቀበለኝም።

ለእናቴ ለመንገር ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ከእናቴ በፊት የነገርኩት ጅዳ ለምትኖረው ታላቅ እህቴ ነበር። በስልክ እያለቀስኩ ስነግራት አንድ አፍታ ዝም አለችና፣ «የዒዱን ቀን የላክልኝ አለ እኮ» አለችኝ። እውነትም በ2011 ለዒድ አል ፊጥር 4 መንዙማዎች ልኬላት ኖሯል። ሁለቱን በቴሌግራም በፋይል መልክ ስለላክሁ ድምፃቸው እንዳለ ነው። ሁለቱን ግን ቸኩዬ ታብሌቷን እያናገርኩ በስልኬ የድምፅ መልእክት አድርጌ ነበር የላክሁት፤ አባዬ ከቆርቆሮ ጀርባ ሆነው የሚያወጡ ይመስላል። ቢሆንም አልሐምዱሊላህ፣ አሉ። እህቴ በሰው ቤት እየሠራች፣ ስልክ ሁለቴ ቀይራ እነርሱን ጠብቃ ነበር። እኔ ግን በራሴ ቤት ተቀምጬ አልጠበቅኩም።

ለእናቴ ስነግራት አልተቆጣችም። የቡና ስኒዎቿን እያጠበች ቆየችና አንዱን ከጠፉት መካከል በለሆሳስ ማዜም ጀመረች። 40 ዓመት ሙሉ ስትቀበለው የኖረችውን እንዴት ትርሳው! በዚያ ሳምንት 2 መንዙማዎችን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከአፏ ቀረጽን። ድምፁ የአባዬ አይደለም፣ ቃሉ ግን የሸኻቸው ነው። ከ11 ውስጥ 6 አሉን ማለት ነው። 5ቱ እስከ ዛሬ አልተገኙም። ተቀባይ የነበሩ አንድ አዛውንት ጎረቤታችን የአንዱን አዝማች ብቻ ያስታውሳሉ።

ከዚህ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ የራሴን ደንብ ያወጣሁት። ለእናንተም ይጠቅም ይሆናል።

አንደኛ፣ ቅጂውን ከአፑ አውጡት። አፑ ውስጥ የሚቀመጠው ብዙ ጊዜ የሥራ ፋይል ነው፤ መስመሮቹን ለያይቶ የያዘ ስለሆነ የሚከፍተው ያው አፕ ብቻ ነው። አፑ ነገ ከገበያ ቢወጣ ፋይሉ ቁልፉ እንደጠፋ ሣጥን ይሆናል። ስለዚህ የሥራ ፋይሉን ከማስቀመጥ በተጨማሪ የተጠናቀቀውን ድምፅ በማንኛውም መሣሪያ በሚከፈት ዓይነት አውጡት። «ዌቭ» የሚባለው ድምፁን ሳይቀንስ ይይዛል፤ በሲዲ ጥራት ለ1 ደቂቃ 10 ሜጋ ባይት ያህል ይፈልጋል። «ኤም ፒ ስሪ» ደግሞ በ128 ኪሎ ቢት ለ1 ደቂቃ 1 ሜጋ ባይት ያህል ይበቃዋል። የ8 ደቂቃ መንዙማ በመጀመሪያው 85፣ በሁለተኛው 8 ሜጋ ባይት ገደማ ነው። 11ዱም ባልተቀነሰው ዓይነት እንኳ ቢቀመጡ 1 ጊጋ ባይት አይሞሉም ነበር። የአባቴን ድምፅ ያጣሁት ማንኛውም ፍላሽ ሊይዘው የሚችለውን ያህል ቦታ ሰስቼ ነው።

ሁለተኛ፣ ስም ስጡት። «ቅጂ 1»፣ «ቅጂ 2» የሚል ስም ከሁለት ዓመት በኋላ ለባለቤቱም አይገባም። መጀመሪያ ዓመቱን፣ ቀጥሎ ወሩንና ቀኑን፣ ከዚያ የመንዙማውንና ያወጣውን ሰው ስም ጻፉ። ዓመቱ ሲቀድም ፋይሎቹ በራሳቸው በጊዜ ቅደም ተከተል ይሰለፋሉ።

ሦስተኛ፣ ቢያንስ ሦስት ቅጂ ይኑራችሁ፤ በሁለት የተለያዩ ዓይነት ማስቀመጫዎች ይቀመጡ፤ አንዱም ከቤታችሁ ውጭ ይሁን። እኔ አንዱን በታብሌቷ፣ አንዱን በትምህርት ቤት ላፕቶፔ፣ አንዱን ደግሞ በኢንተርኔት ማኅደር አድርጌአለሁ። ጉግል ያለ ክፍያ 15፣ የአፕል አይክላውድ ደግሞ 5 ጊጋ ባይት ይሰጣል፤ ለቤተሰብ ድምፅ ይህ ብዙ ነው። አራተኛው ቅጂ ጅዳ አለ። ታብሌቱና ሚሞሪ ካርዱ በአንድ ቦርሳ ከሆኑ ሌባ አንዴ ነው የሚወስዳቸው። ሚሞሪ ካርድና ፍላሽም ያለ ማስጠንቀቂያ ይበላሻሉ። በገበያ ላይ 64 ተብለው የሚሸጡ፣ ውስጣቸው ግን ያን ያህል የማይዙ አስመሳዮችም ስላሉ ሞልታችሁ ሳትፈትኑ አትመኗቸው።

አራተኛ፣ ማስተካከልንና ማስቀመጥን አታምታቱ። ሁለት መሣሪያዎች በራሳቸው እንዲመሳሰሉ ካደረጋችኋቸው ከአንዱ የሰረዛችሁት ከሌላውም ይሰረዛል። ይህ መስታወት ነው እንጂ መጠባበቂያ አይደለም።

አምስተኛ፣ የይለፍ ቃሉን ከቤተሰብ አንድ ታማኝ ሰው ይወቀው። ሞት ቀጠሮ አይሰጥም፤ ያስቀመጥነው ከእኛ ጋር ተቆልፎ እንዳይቀር።

ስድስተኛውና ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው የመድረሳችን ሕግ ነው፦ ሳታሰሙ አትጠቡ። ማንኛውንም ነገር ከማጥፋታችሁ በፊት ሌላው ዘንድ አለ ያላችሁትን ቅጂ ክፈቱና አድምጡት። መጀመሪያውን ብቻ ሳይሆን መጨረሻውንም። ስሙ በዝርዝሩ ላይ እያለ ውስጡ ባዶ የሆነ፣ ግማሽ ላይ የተቆረጠ ፋይል አይቻለሁና። እኔ አሁን የጨረቃ ወር በገባ ቁጥር ከእያንዳንዱ ማስቀመጫ አንድ መንዙማ ከፍቼ አዳምጣለሁ። እናቴም አብራኝ ትቀመጣለች።

የአላህ ቃል ከማንም ቃል ጋር አይወዳደርም፤ ነገር ግን ቀደምቶቻችን አደራን እንዴት እንደጠበቁ ማስታወስ ይገባል። በየማማ ዘመቻ ብዙ የቁርኣን ሐፊዞች በተሰዉ ጊዜ ዑመር ለአቡበክር ሥጋታቸውን አቀረቡ። ዘይድ ኢብን ሣቢትም በሰዎች ልብ ያለውን፣ በቆዳና በአጥንት፣ በተምር ዝንጣፊም ላይ የተጻፈውን እያመሳከሩ ሰበሰቡ። ጥራዙ በአቡበክር፣ ከዚያም በዑመር፣ ከእርሳቸውም በኋላ በእናታችን ሐፍሷ ዘንድ ተቀመጠ። በዑሥማን ዘመን ደግሞ ከእርሱ ቅጂዎች ተዘጋጅተው ወደ ተለያዩ አገሮች ተላኩ። አላህ የሁላቸውንም ሥራ ይውደድላቸው። በልብም በጽሑፍም፣ በአንድ ቤትም በብዙ አገርም ነበር። በልጅነቴ ይህን ታሪክ በመድረሳ ተምሬው ነበር። ታብሌት ስገዛ ግን ለእኔም የሚናገር ነገር እንዳለው ልብ አላልኩም።

በተለይ እናንተ ወጣቶች፣ ዛሬ ማታ አያታችሁ ወይም አባታችሁ በሕይወት ካሉ አጠገባቸው ተቀመጡና ቅረጿቸው። ቀርጻችሁም በዚያው አትተዉት፤ ከመተኛታችሁ በፊት አንድ ቅጂ ለሌላ ሰው ላኩ፣ መድረሱንም ጠይቁ። ለእኔ ከተረፉልኝ 6ቱ መካከል 4ቱ የተረፉት ለሰው ስለሰጠኋቸው፣ 2ቱም በሰው ልብ ውስጥ ስለነበሩ ነው። ለራሴ ብቻ የያዝኩት ግን አንዱም አልተረፈም።

አባዬ «አትረሳም?» ብለው ሲጠይቁኝ የመለስኩላቸው መልስ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ታብሌቷ አልረሳችም ነበር፤ የረሳሁት እኔ ነኝ። አላህ ለአባቶቻችን ይዘንላቸው፣ እኛንም አደራ ጠባቂዎች ያድርገን። አሚን።