የስልጆ ነገር

በልጅነቴ የአርብ ገበያ ገበያ ስሟ እንደሚናገረው አርብ አርብ ይቆም ነበር። አርብ ደግሞ ጾም ነው። ስለዚህ የታች ጋይንት ገበያተኛ እህሉን ሸጦ፣ ጨውና ሳሙናውን ሸምቶ አረፍ ሲል የሚቀርብለት ሽሮ፣ ጎመን፣ ካለም ስልጆ ነው። እኔ እንግዲህ በስልጆ ያደግሁ ሰው ነኝ።

እናቴ ሱፉን ቀቅላና ወቅጣ በውኃ ትጨምቀዋለች። ወተት የመሰለውን ጭማቂ እሳት ላይ ጥዳ የባቄላ ዱቄት እየነሰነሰች ታማስለዋለች። ሲቀዘቅዝ የሰናፍጭ ዱቄት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ጤና አዳም ይገባበታል። ከዚያ ማሰሮው ተከድኖ ለቀናት ይቀመጣል፤ ኮምጠጥ ሲል ደረሰ ማለት ነው። የሰናፍጭ ነገር ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ምላስ ላይ አይቆይም፤ ቀጥ ብሎ አፍንጫ ላይ ወጥቶ እንባ ያስመጣል።

ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ዓመት፣ በሁዳዴ፣ በመንገደኛ እጅ አንድ ፕላስቲክ ስልጆ ላከችልኝ። ነፋስ መውጫን፣ ደብረ ታቦርን፣ ባሕር ዳርን አቋርጦ አዲስ አበባ እስኪደርስ መንገዱን ሁሉ ሲቦካ ነው የመጣው። ማታ መኝታ ክፍላችን ውስጥ ክዳኑን ላላ ሳደርገው፣ ጷ! ግድግዳው ላይ፣ የጓደኛዬ ነጭ ሸሚዝ ላይ…

«ምንድነው እንዲህ የሚሸተው?»

«እኔ እንጃ፤ ከገጠር ሰዎች የላኩት ነው» አልኩ። ሰዎች! «እናቴ» ማለት አፌ ላይ አልመጣ አለ። በማግሥቱ ደብዳቤ ጻፍኩላት፤ «እዚህ ሁሉ ነገር ስላለ ስልጆ አትላኪ»። ከዚያ በኋላ አልላከችም። ለምን ብላም አልጠየቀችም።

ዓመታት አለፉ። ለሥልጠና ባንኮክ ሄጄ ሳለ ከሚያንማር፣ ከዱሮዋ በርማ፣ የመጣ ሰው አብሮን ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ከቦርሳው ብርጭቆ ዕቃ አውጥቶ ከፈተ። ባላቻውንግ ይሉታል። የደረቀ ሽሪምፕ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከቀይ ሽንኩርትና ከበርበሬ ጋር በዘይት ተጠብሶ የሚሠራ፣ ሩዝ ላይ ጣል የሚደረግ ማባያ ነው። (በርበሬው የኛም የነሱም አይደለም፤ ኮሎምበስ በ1492 እ.ኤ.አ. አሜሪካን ከረገጠ በኋላ ዓለምን የዞረ እንግዳ ነው። ሰናፍጫችን ቀድሞት ነበር።) ሽታው አዳራሹን ሞላው። ሰውየው ግን ማንም ሳይጠይቀው «እናቴ ናት የሠራችው» አለና ዕቃውን ወደኛ ገፋ አደረገው።

ከእህሉ ይልቅ ያ ንግግር ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

ለዓመት በዓል ሳይሆን እንዲሁ አርብ ገበያ ወረድኩ። ለእናቴ ስለ በርማው ሰው ነገርኳት። «ከውኃ የሚወጣ ነው? ታዲያ ይጾማል ወይስ አይጾምም?» አለች፤ ለጣና ዓሣ እንኳ ያልተቋጨውን ክርክር ልትከፍትብኝ። ስልጆ እንዳላት ጠየቅኋት።

«ተውኩት እኮ። አባትህ ካለፈ ወዲህ ለማን ብዬ? አንተም አትወድ።»

ገበያ ወጥቼ ሱፍና ሰናፍጭ ገዛሁ። እጇ እየተንቀጠቀጠ ስትጨምቅ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሰናፍጩ ስንት ነው ብላት «እስኪበቃው» አለችኝ።

ፈቃዴ አልቆ በሦስተኛው ቀን መኪና ስይዝ ስልጆው ገና አልደረሰም ነበር። «በሰው እልከዋለሁ» አለች። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና፣

«ልላከው?» ብላ ጠየቀችኝ።