ሞክሼ ትሎች፦ የአንድ ዝርያ ስም ስፋትና ጥበት

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። በእንስሳት ምደባ ሳይንስ ግን ስም አውጪው ሰው ነው፤ ላወጣውም ስም ይጠየቅበታል። ስሙ የተመሠረተበትን ናሙና ማስቀመጥ፣ ናሙናው የተገኘበትን ስፍራ መናገር፣ ከቅርብ ዘመዶቹ የሚለይበትን ምልክት መግለጽ ይኖርበታል። ከእነዚህ አንዱ የጎደለ እንደሆነ ስሙ ከባለቤቱ ተለይቶ በየባሕሩ መንከራተት ይጀምራል።

ፖሊኬታ የተባሉት ባለ ብዙ ጸጉር የባሕር ትሎች ለዚህ ጥሩ ምስክር ናቸው። ተቀባይነት ያገኙት ዝርያዎቻቸው ከ11,000 በላይ ሲሆኑ፣ አዳዲሶች ዛሬም ይገለጻሉ። አዲስ ዝርያ ሲባል ብዙ ሰው ማንም ያልደረሰበትን የውቅያኖስ ጥልቀት ያስባል። ሆኖም ከአዲሶቹ ብዙዎቹ የሚገኙት ሰው በየዕለቱ በሚረግጠው ጠረፍ፣ በአሮጌ ስም ተሸፍነው ነው።

እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ጆርጅ ሞንታጉ ከደቡብ ዴቨን ጠረፍ የተገኘ አንድ ትል እ.ኤ.አ. በ1813 ገልጾ፣ በላቲን «ደም መሳይ» የሚል ስም ሰጠው። ትሉ ከጊዜ በኋላ ማርፊሳ በተባለው ወገን ውስጥ ተመድቦ ማርፊሳ ሳንጉዊኒያ ተባለ። መግለጫው እንደ ዘመኑ ልማድ አጭር ነበር። ቀያይ ስንጥቦች፣ በራስ ላይ ያሉ አምስት ቀንድ መሳይ አካላትና ጠንካራ መንጋጋ የብዙ ማርፊሳዎች የጋራ መልክ ናቸው። ስለዚህ በአውስትራሊያ፣ በደቡብ አፍሪካና በእስያ ጠረፎች ተመሳሳይ ትል ያገኘ ሁሉ ያንኑ ስም ሰጠው። ልዩ ልዩ ዝርያዎች በዚህ መንገድ ሞክሼ ሆኑ፤ መጻሕፍቱም አንድ ትል ዓለምን እንዳዳረሰ አድርገው ጻፉ።

ስሕተቱ በመዝገብ ላይ ብቻ የሚቀር አልነበረም። እነዚህ ትሎች በመንጠቆ ላይ የሚሰኩ የዓሣ ማባበያ በመሆናቸው ከጭቃና ከድንጋይ ሥር እየተቆፈሩ ይወሰዳሉ። በዓለም ሁሉ ይገኛል የተባለ ትል ከአንድ ባሕረ ሰላጤ ቢመናመን የሚያሳስበው ሰው አይኖርም። በዚያ ስፍራ ብቻ የሚኖር ዝርያ ከሆነ ግን መመናመኑ የመጥፋት መጀመሪያ ሊሆን ይችላል። ከሌላ አገር በተወሰደ የዕድገትና የመራባት መረጃ የቁፋሮውን ልክ መወሰንም የአንዱን በሽተኛ መድኃኒት ለሞክሼው እንደመስጠት ነው።

መፍትሔው የተጀመረው ወደ ኋላ በመመለስ ነበር። የሞንታጉ የመጀመሪያ ናሙና ባለመገኘቱ፣ አውስትራሊያዊቷ ተመራማሪ ፓት ሃቺንግስና የሥራ ባልደረባቸው እ.ኤ.አ. በ2003 ከደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ጠረፍ ምትክ ናሙና፣ ማለትም ኒዮታይፕ፣ ሰየሙ። ስሙ ዳግመኛ መልሕቅ ካገኘ በኋላ ማነጻጸር ተቻለ። በዚያው ጽሑፍ የምሥራቅ አውስትራሊያው ትል ማርፊሳ ሙላዋ ተብሎ ራሱን የቻለ ዝርያ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2008 የደቡብ አፍሪካው ማርፊሳ ኤሊትየኒ ተባለ፤ ቃሉ በኮሳ ቋንቋ «በድንጋዩ ዘንድ» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ በፈረንሳይ የአርካሾን ባሕረ ሰላጤ በዚያው አሮጌ ስም ይጠራ የነበረው ማባበያ ትል ማርፊሳ ቪክቶሪ ተብሎ ተለየ።

ልዩነቱ በማይክሮስኮፕ ሥር በትዕግሥት ይለቀማል። በጎን በኩል ያሉት ጸጉሮች ቅርጽ፣ የማበጠሪያ መሳዮቹ ጥርሶች ብዛትና ስንጥብ የሚጀምርበት አንጓ ይመረመራሉ። ይሁን እንጂ ስንጥብ የሚጀምርበት አንጓ ትሉ ሲያድግ ሊለወጥ ስለሚችል፣ ትንሹንና ትልቁን ሳያስተያዩ በአንድ ናሙና ብቻ መፍረድ ያሳስታል። ትሉ ሲያዝ በቀላሉ ስለሚበጠስም ተመራማሪው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው የፊተኛውን ክፍል ብቻ ነው። ዲኤንኤ ትልቅ እገዛ ያደርጋል፤ ነገር ግን በፎርማሊን የቆየ ናሙና ዲኤንኤው ስለሚጎዳ የድሮ ስብስቦች ለዚህ ምርመራ እምብዛም አይመቹም። ደግሞም ዲኤንኤ ሁለት ትሎች መለያየታቸውን ቢያሳይ እንኳ፣ የቀድሞው ስም ለየትኛው እንደሚገባ ብቻውን አይናገርም። ያን የሚወስነው ስሙ የታሰረበት ናሙና ነው፤ እርሱም ከሌለ ስሙ ከወጣበት ጠረፍ የሚሰበሰብ ምትክ ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለባሕር ትሎች ብቻ አይደለም። አዲስ ዝርያ መግለጽ አዲስ ቃል መጨመር ብቻ ሳይሆን፣ የቀድሞው ቃል እስከ የት እንደሚደርስ ድንበሩን ማበጀት ነው። ከሥራው የሚበልጠው ድካም የሚወድቀው በዚህ በሁለተኛው ላይ ነው። ማርፊሳ ሳንጉዊኒያ ዛሬ የቀድሞ ስፋቱ የለውም፤ በጠበበ መጠን ግን ስሙ የሚናገረው ነገር ታማኝ ሆኗል።