ማን መታ? ማን ተመታ?

ግጥም ሲባል ጩኸት የሚመስላቸው ወጣት ተዋናዮች በዝተዋል። ንጉሥ ሆነው ከተመደቡማ አለቀ! የአንገታቸው ደም ሥር እስኪገተር ይጮኻሉ፤ በሦስተኛው ቀን ድምፃቸው ይዘጋል።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ስንኝ የምንቆጥረው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ነበር። ወል ቤት፣ ስድስት ስድስት ቀለም። ሎሬት ፀጋዬ ገብረ መድኅን ሐረጉን ወደ ስምንት አስረዘመውና በስሙ «ፀጋዬ ቤት» ተባለ። ይህ ለአንባቢ የቁጥር፣ ለተዋናይ ግን የሳንባ ጉዳይ ነው። ስድስት የለመደ ትንፋሽ ስምንቱ ሳይሞላ ያልቅና ነገሩን መሐል ላይ ይቆርጠዋል። ስለዚህ አየር ከሆድ መሳብ፣ ሐረጉ ሲያልቅ ማረፍ፣ የስንኙን የመጨረሻ ቃል አለመዋጥ ግድ ነው። ቤት የሚመታው እዚያ ነዋ!

ከትንፋሹ የሚብሰው ጥብቀት ነው። እንግሊዛዊ ተዋናይ የሼክስፒርን ስንኝ ሲናገር ከበድ ብሎ በሚነሳው ቀለም ይደገፋል። የእኛ ድጋፍ የሚጠብቀውና የሚላላው ድምፅ ነው፤ ፊደላችን ደግሞ ይህን አያሳይም።

በሸክላ ሥራዋ የምትታወቀው ወለቃ፣ ጎንደር አፍንጫ ሥር፣ ጥቂት ወጣቶች ስለ አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸው በፀጋዬ ቤት የጻፉትን ተውኔት ሲለማመዱ አይቻለሁ። ንጉሡ «ይመታል» የምትለው ቃል ላይ ሲደርስ ድምፁን ከፍ፣ ቃሉንም ጥብቅ አደረገው። አጠገቤ የነበሩ ሸክላ ሻጭ ደንገጥ አሉ።

«ጌታው፣ ንጉሡ ተመታ እንዴ?»

«ኧረ የለም እናቴ፣ የሚመታውስ እሱ ነው።»

«ታዲያ ምነው እንዲያ አለ?»

ምን ልበላቸው? ላልቶ ሲነገር መቺ፣ ጠብቆ ሲነገር ተመቺ ነው። ልጁ በጩኸቱ ብዛት ድል አድራጊውን ወደ ተሸናፊ ለወጠው። እሳቸውም ያዩትን ሳይሆን የሰሙትን አመኑ።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። ከልምምድ በፊት እርሳስ ይዞ በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ነጥብ ማድረግ፤ ቀጥሎ ስንኙን እንደ ወሬ፣ ቀስ ብሎ ማውራት፤ ቃሉ ከጠራ በኋላ ድምፁን ወደ ኋላ ወንበር መላክ። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ በጩኸት ነው እንዴ አገር ያዳመጠው?

ጎበዝ፣ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ በገዛ እጁ ሞቷል። በአንዲት ጥብቀት ደግመን አንግደለው።