ሜትር አምጪ

በእኛ ቤት ክርክር ሲከር ሽማግሌ አይጠራም፤ ሜትር ነው የሚጠራው። ሽሮው ቀጥኗል አልቀጠነም፣ ቁልፉን መጨረሻ የያዘው ማን ነበር፣ በሠርጋችን ቀን አርፍዶ የመጣው የማን ወገን ነው፤ ብቻ አንዳችን ሌላውን እንደማንረታ ሲገባን እኔ «ሜትር አምጪ» እላለሁ፣ እሷ «ሜትር አምጣ» ትላለች፣ ነገሩም በሳቅ ያልቃል። ከአዲስ አበባ መጥቶ ቤታችን የሰነበተ አንድ ዘመድ ይህን ሲሰማ ከርሞ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ልብስ ስፌት ጀመራችሁ እንዴ?» አለኝ። አልጀመርንም። የዚህች አባባል ዘር ማንዘር ሲቆጠር ግን ከድሬዳዋ ተነስቶ፣ ጅቡቲን አቋርጦ፣ ፈረንሳይ አገር አንዲት የወደብ ከተማ ይደርሳል።

የመጀመሪያው ጥፋት የቴሌቪዥኑ ነው። አንድ ማታ፣ የቀኑ ሙቀት ገና ከግድግዳው ሳይወጣ፣ ሽርጤን አገልድሜ ቬንትሌተሩ ፊት ተጋድሜያለሁ። ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ባልና ሚስት ጎልፍ ይጫወታሉ። ባለቤቴ ብዙ ካየቻቸው በኋላ «አየህ፣ አብረው ነው የሚጫወቱት» አለች። ከትዳር የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ «አየህ» ብሎ የሚጀምር ንግግር ስለሚታየው ነገር አለመሆኑን ነው። ሐኪሙ ጉልበቴን ነካክቶ «መንቀሳቀስ አለብህ» ካለኝ ወር አልፎታል፤ እኔ ግን የተንቀሳቀስኩት ከወንበር ወደ ፍራሽ ብቻ ነበር።

ጎልፍ በድሬዳዋ! ጎልፈኛ ኳሱ አሸዋ ውስጥ ሲገባበት ራሱን ይይዛል፤ አሸዋው ሆን ተብሎ ለቅጣት የተዘጋጀ ነው። ለድሬ ልጅ ይህ አይገባውም። ጎርፍ ካልመጣ በቀር የከተማችን ወንዝ ደቻቱ ራሱ አሸዋ ነው፤ እኛ ጋ ቅጣቱ ሞልቷል፣ የጠፋው ሳሩ ነው።

ቢሆንም ሚስት ያነሳችውን ሐሳብ ሳያጠኑ መጣል ያስጠይቃልና ታሪኩን አገላበጥኩ። የስኮትላንዱ ንጉሥ ዳግማዊ ጄምስ በ1457 እ.ኤ.አ. ሕዝቡ የቀስት ልምምዱን ትቶ በዚህ ተጠመደ ተብሎ ጎልፍን ከእግር ኳስ ጋር አስከለከሉ። በ1744 ደግሞ ሊዝ በተባለ ቦታ 13 ሕጎች ተጻፉለት። ለባልና ሚስት የሚስማማ አጫዋወትም አለው፤ ሁለት ሰው አንድ ኳስ ይዞ ተራ በተራ ይመታል። ባል ቁጥቋጦ ውስጥ የከተተውን ሚስት ታወጣለች ማለት ነው። ይህማ እኛ ቤት በየወሩ መጨረሻ የሚደረግ ነው፤ ለዚህ ሜዳ ምን ያስፈልጋል?

ልቤን የሰረቀው ግን የስኮትላንዷ ንግሥት ሜሪ ነገር ነው። በታሪክ ስማቸው ከሚነሳ የመጀመሪያዎቹ ሴት ጎልፈኞች አንዷ ናቸው። በ1567 ባላቸው ሎርድ ዳርንሊ ተገደሉ፤ የንግሥቲቱ ጠላቶችም «የባሏ ሐዘን ሳይወጣ ጎልፍ ስትጫወት ታየች» ብለው ከሰሷቸው። ይህን ለባለቤቴ በመገረም ስነግራት «ታዲያ ምን ታድርግ፣ ቤት ቁጭ ብላ ግድግዳ ትይ?» አለችኝ። ከዚያች ማታ ጀምሮ በእጇ ዱላ የሚያስይዝ ጨዋታ ሁሉ ከዝርዝሬ ወጣ። በዚሁ ሰበብ የራሳችን ገናም ቀረ። በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም ይባላል እንጂ፣ ሚስት አትቆጣም ያለ እስካሁን አልሰማሁም።

መፍትሔው የተገኘው ከዚራ ሰፈር ነው። አሥር ሰዓት አልፎ ጥላው ሲረዝም ባለቤቴ በግድ አውጥታኝ ስንዘዋወር፣ ቀይ አበባ ባራገፈ የድሬዳዋ ዛፍ ሥር ብረት ከብረት ሲጋጭ ሰማን። ጡረታ የወጡ ባቡረኞች በአፈሩ ላይ የብረት ኳስ ይወረውራሉ። ፔታንክ ነው፤ በሸመንደፈር፣ በባቡር መንገዱ፣ የመጣ የፈረንሳዮች ጨዋታ።

እዚህ ከተማ ከሸመንደፈር ጋር ያልመጣ ምን አለ? ከተማዋ ራሷ ከእሱ ጋር ነው የመጣችው። አፄ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሐዲዱን ፈቃድ የሰጡት በ1894 እ.ኤ.አ. ነበር። ባቡሩ ሐረር ይወጣል ተብሎ ሲጠበቅ ተራራው አስቸግሮት በ1902 ሜዳው ላይ ቀረ፤ የቀረበት ቦታም አዲስ ሐረር ተባለ፣ ኋላም ድሬዳዋ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። መንገዱ ስለከበደው በአጭር የቆመ ባቡር ነው የወለደን፤ ይህን ነገር ያዙልኝ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ባለቤቴ አተኩራ ስታይ አይተው ሁለት ኳስ አቀበሏት። «ነይ ልጄ፣ ይሄ መሮጥ አይፈልግም። ክቧ ውስጥ እግርሽን ገጥመሽ ቁሚ፣ በቃ።» ሕጉ ቀላል ነው። መጀመሪያ ትንሿ የእንጨት ኳስ ከ6 እስከ 10 ሜትር ትጣላለች። ከዚያ እያንዳንዱ ሦስት ሦስት የብረት ኳስ ይዞ ወደ እሷ ለማስጠጋት ይሞክራል፤ ወይም የሌላውን መትቶ ያባርራል። አንዷ ብረት ከ650 እስከ 800 ግራም ትመዝናለች። 13 ነጥብ ቀድሞ የሞላ አሸነፈ። ፈረንሳዮች ትንሿን ኳስ «የአሳማ ግልገል» ይሏታል፤ ድሬዳዋ ላይ ከሙስሊሙም ከክርስቲያኑም የሚያጣላ ስም ስለሆነ እኛ «ትንሿ» ብለን አለፍነው።

በመጀመሪያው ቀን የእኔና የእሷ ብረት ትንሿን ከግራና ከቀኝ ይዘዋት ቆሙ። እኔ «የእኔ ነው የቀረበው» አልኩ። እሷ «የእኔ ነው» አለች። ድምፃችን ከፍ ሲል ሽማግሌው ከኪሳቸው ሜትር አወጡና፣ አንድ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ደግፈው ጎንበስ አሉ። ሁለቱንም ለኩ። በአንድ ጣት ስፋት የእሷ ቀረበ። «ዓይን ለጌታው ያደላል» ብለው ሜትሩን ጠቀለሉት። «ሜትር» የሚለው ቃል ያን ማታ ከእኛ ጋር ቤት ገባ፤ አልወጣም።

የጨዋታውን ሥር ስፈልግ ላ ሲዮታ ደረስኩ፤ ማርሴይ አጠገብ ያለች ወደብ። በ1890ዎቹ የሉሚየር ወንድማማቾች ባቡር ጣቢያ ሲገባ የቀረጹበት ዝነኛ ፊልም የተነሳው እዚያ ነው። ጅቡቲ ይመላለስ የነበረው የሜሳዠሪ ማሪቲም ኩባንያ የመርከብ መሥሪያም እዚያ ነበር። ባቡርም መርከብም ካላት፣ የእኛ ዘመድ ናት ማለት ነው። በዚያች ከተማ ዡል ለኗር የሚባል ጎበዝ ተጫዋች ነበር። የድሮው ጨዋታ ሦስት እርምጃ ተንደርድሮ መወርወር ይጠይቃል፤ ለኗርን ግን ቁርጥማት ያዘው። እኛ ብንሆን ወንበር አቅርበን «አንተ ነጥብ ቁጠር» እንለው ነበር። ወዳጁ ኧርነስት ፒትዮ እንደዚያ አላደረገም። ሜዳውን አሳጠረው፤ ሁሉም ሰው እግሩን ተክሎ ይወርውር ተባለ። የመጀመሪያው ውድድር በ1910 ተደረገ። የጨዋታው ስምም በአገሩ ቋንቋ «የተተከሉ እግሮች» ከማለት የመጣ ነው።

ወደ እኛ ልመለስ። ትንሿን የሚጥለው ያለፈውን ዙር ያሸነፈ ነውና አብዛኛውን ጊዜ የምትጥላት ባለቤቴ ናት። ሁልጊዜም አፍንጫችን ሥር፤ ስድስት ሜትር፣ ቢበዛ ስድስት ተኩል። ክንዷ ስለማይችል መስሎኝ «በልጆች ርቀት እየበለጥሽኝ» እያልኩ ስቀልድባት ከረምኩ።

ባለፈው ሳምንት አርፍጄ ደረስኩ። ከአንድ ጎረምሳ ጋር ጨዋታ ይዛለች። ትንሿን ወረወረቻት። ሄደች፣ ሄደች፣ ከዛፉ ሥር ደርሳ ቆመች። ብረቷንም አስከትላ አጠገቧ አሳረፈችው። ጎረምሳው «አቦ!» ብሎ ራሱን ያዘ።

ተራዬ ደርሶ ክቧ ውስጥ ስገባ ጉልበቴ እንደ ልማዱ ቀጭ አለ። ባለቤቴ ትንሿን ጣለች። ስድስት ሜትር።

«አቦ፣ ምነው ቀረበች?»

«አልቀረበችም።»

«ቀርባለች እንጂ።»

«ሕጉ ውስጥ ናት» አለች፣ ፊቷን ሳታዞር።

ሜትር አምጪ ልል አፌን ከፈትኩና ተውኩት።